ከበሩ ላይ የጠራሁት ስም

ባለፈው ክረምት አስተማሪ ሆኜ ነበር። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ነው የሾምኩት። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ከገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ የጎረቤታችን ልጅ መጣችና አንድ ፎርም እንድሞላላት ለመነችኝ። ሞላሁላት። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ነሐሴ ሲገባ አምስት ሆነዋል።

አምስቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ውጤት የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። እኔ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ራሱ ነው የሚመርጠው፤ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርምና ከፎርሙ ጋር የሚላክ ደብዳቤ አለው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፤ አመልካቿ ስለ ራሷ የምትጽፈው። እኔ ያንን ገጽ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ በአምስተኛው ነው የገባሁት። ከዚያ ወዲህ መጻፍ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። ይኸን የምጽፈውም ስለማምን ነው፤ ደስም ስለሚለኝ። የማንንም ስም ግን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ስታነቡት ይገባችኋል።

በስልክ ኢንተርኔት ስላልነበረ የምንሰበሰበው ዋይፋይ ባለው አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። ለስድስት ሰው ሁለት ለስላሳ እናዝዛለን። አስተናጋጇ ጠርሙሶቹን ስታስቀምጥ፣ "ዩኒቨርሲቲው ዛሬም ተከፈተ?" ትለናለች። ጠርሙሶቹ እስኪሞቁ ማንም አይነካቸውም፤ ካለቁ ተነሡ ትለናለችና።

ከአምስቱ አንዷ የገጠር ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ወንዝ ዳር ነው የሚኖሩት። ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስንቅ እየተመላለሰች ነው የተማረችው። ትምህርት ቤቱ በመሃል በወረርሽኙም በሌላውም እየተዘጋ አራቱን ክፍል በሰባት ዓመት ጨረሰች። እኔ ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ሆኜ ስለተማርኩ ቀደምኳቸው እንጂ፣ ይኸች ተማሪዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ "ቲቸር" ትለኛለች፤ እኔ "እትዬ" ልላት ይገባኝ ነበር።

ስሟ ሲጠራ ቶሎ አይሰማትም። መስማት ያቃታት አትመስልም፤ ስሙ ከሩቅ ቦታ ተነሥቶ እሷ ዘንድ እስኪደርስ የሚቆይ ይመስላል። መጀመሪያ ፊቷ ወደኔ ይዞራል፣ ዐይኗ ከፊቷ በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ "አቤት" ትላለች። ሌሎቹ ይሥቁባታል። ኔትወርኳ ቀርፋፋ ነው ይላሉ። እሷም አብራ ትሥቃለች።

ፎርሟን ስንሞላ አንዲት ሳጥን ባዶ ቀረች። ስንት እህት፣ ስንት ወንድም እንዳላት የምትጠይቅ ሳጥን ናት። ወንድም የለኝም አለች። እህትስ ስላት "ይቺ ትቆይ" አለችኝ። ምኑ ነው የሚቆየው፣ ቁጥር እኮ ነው አልኳት። ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሣች። ሳጥኗ ካልተሞላች ፎርሙ አይላክም፤ ዙሪያዋን ቀይ መስመር ያበራል። ያ ቀይ መስመር ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው ቆየ። የሌሎቹ አራቱ ተላከ። የእሷ ብቻ ቀረ፤ መዝጊያው ደግሞ ከፍልሰታ ጾም መፈታት በኋላ ባለው ሳምንት አርብ ነው።

ደብዳቤውን እንዲጽፉ ሳዛቸው ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሕይወታችሁ አንድ ቀን ምረጡ፣ እሱን ብቻ ጻፉ፣ ሌላ ማጌጫ አያስፈልግም። በማግስቱ የእሷን ወረቀት ተቀብዬ በረንዳው ላይ አነበብኩ። ጽሕፈቱ እኩል እኩል የተደረደረ፣ የስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ ጽሕፈት ነው።

"የስምንተኛ ክፍል ውጤቴን በተቀበልኩ በሳምንቱ ከታናሽ እህቴ ጋር ወንዙን ስንሻገር ውኃው ከላይ መጣ። እህቴን በሁለት እጄ ገፍቼ ወደ ዳር አወጣኋት። የዳሩን ሣር ስትጨብጥ አየኋት። እኔ አልወጣሁም።"

ከዚያ በታች ነርስ መሆን እንደምትፈልግ ይናገራል።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። የእኔ ተማሪ እንዲህ ጻፈች አልኩ፤ ከእኔም ትበልጣለች። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከላይ "በጣም ጥሩ ጅምር" ብዬ ጻፍኩ። "እኔ አልወጣሁም" በሚለው ሥር ሰረዝ አሰመርኩና በጎኑ "ታዲያ እንዴት ዳንሽ? እሱን ጨምሪ" ብዬ መለስኩላት።

ያሰመርኩትን ረጅም ጊዜ አየችው። "የሚጨመር የለም" አለችኝ።

ፀሐይ ነበረች። አጠገባችን ባጃጆች ይተራመሳሉ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ።

"እንዴት አይጨመርም?" አልኳት። "አንቺ እኮ እዚህ አለሽ።"

"እኔ ሣሩን የጨበጥኩት ነኝ።"

የቀረውን ወደ ኪራይ ቤቷ ስንሄድ እየተራመደች ነገረችኝ፤ ወደኔ አትዞርም። ወንዙ እህቷን የወሰዳት በእንዲህ ያለ ነሐሴ ነው። እህቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋ ዘጠነኛን ፍኖተ ሰላም ልትማር ነበር። እሷ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ቤት ውስጥ ነበረች። መስከረም ሲጠባ አባቷ የሟቿን ካርድ ከሳጥን አወጣ፤ ይቺኛዋን ይዟት ከተማ ወጣና በዚያ ስም አስመዘገባት። ይኸን ያደረገ አባት እሱ ብቻ አይደለም፤ በየገጠሩ አለ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በራሷ፣ በቤት በምትጠራበት ስም ሄዳ ቢሆን የሰባተኛም የስምንተኛም ወረቀት የላትም፤ በሩም ላይ አያስቆሟትም።

ፊርማው እንዲመሳሰል ብሎ አባቷ የሟቿን ደብተር ሰጥቷት ነበር። ወር ሙሉ እየገለበጠች ጻፈች። "የኔ ጽሕፈት የቱ እንደነበር አሁን አላውቀውም" አለችኝ። ነርስ የሚለውም ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተገኘ ነው።

ታዲያ ደብዳቤውን ማን ጻፈው ብዬ ጠየቅኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ጠየቅኳት ግን።

"ስለ ራሳችሁ ጻፉ አልሽን። ስሙ የሷ ነው። እሷ ብትሆን የምትጽፈውን ጻፍኩ።"

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ አለቀ። ይኸ ውሸት እንደሆነ ለአንድ ሰው መናገር ይገባኝ ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ለማን? ብናገር የሚጠፋው የእሷ ሰባት ዓመት ነው፤ ሟቿ አትነሣ። ዝም አልኩ።

ነገር ግን እሷን ያስጨነቃት እኔ አልነበርኩም፤ እናቷ ናቸው። እናቷ ልጃቸው በዚያ ስም እንድትማር የፈቀዱት እስከ ሰባት ዓመቱ ተዝካር ድረስ ነው። የሞተ ሰው ስም በየቀኑ ከሕያዋን ጋር እየተጠራ እንዴት ነፍሱ ታርፋለች ይላሉ። ከሰባት ዓመቱ በኋላ ያን ስም የሚጠራ በቤቴ አይኖርም ብለዋል። ተዝካሩ ሐሙስ ነው። ፎርሙ የሚዘጋው አርብ። እናቷ እሺ ካላሏት ሳጥኗን እንደማትሞላ፣ ፎርሙንም እንደማትልከው ነገረችኝ።

"አንቺ ትመጫለሽ?" አለችኝ። "የዩኒቨርሲቲ ሰው ቢነግራት ይሻላል።"

የዩኒቨርሲቲ ሰው! በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ይኸ ቃል ደስ አሰኘኝ። እሺ አልኩ። እሷ ለድግሱ ሥራ ረቡዕ ሄደች። መንገዱን አስረዳችኝ፤ የት እንደምወርድ፣ የትኛውን ዋርካ አልፌ እንደምታጠፍ፣ ውሻቸው እንደሚናከስና ከበሩ ሆኜ እንድጣራ። የቤት ስሟን ብቻ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ሳልደርስ ወረድኩ። ዝናቡ አባርቶ ጉም ከማሳው ላይ አልተነሣም፤ የጤፉ ቡቃያ ከጉልበቴ በታች ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ወንዙን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ከእንጨት የተጋደመ ድልድይ አለ፤ የተሠራው ከዚያ ነሐሴ በኋላ እንደሆነ ነግራኛለች። ስሻገር ወደ ታች አላየሁም። ከወንዙ ማዶ ግቢው ገደሉ አፍ ላይ ነው። ከቤቱ ፊት ዳስ ተጥሏል፤ የሰው ድምፅ፣ የዕቃ ድምፅ፣ የሣቅም ድምፅ አለ። ቄሶቹ ፍትሐቱን ከቤተ ክርስቲያን ጨርሰው ለመብላት ተቀምጠዋል።

ውሻው ተነሣብኝ። በሩን ይዤ ቆምኩና የማውቀውን ብቸኛ ስም ጠራሁ። የሰማኝ የለም። ጮክ ብዬ ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛ ጠራሁ።

የዳሱ ድምፅ ቆመ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ አንዴ ቆመ። ጠላ ስትቀዳ የነበረች ሴት ማንቆርቆሪያዋን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ጠላው ከዋንጫው አልፎ መሬት ላይ ይፈሳል፣ አታየውም። አንዲት ባልቴት አማተቡ።

ከጓዳ አንዲት ሴት ወጡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው እርጥብ ነው። ወደኔ መጡ። ዐይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ነው የሚያዩት።

"መጣሽ?" አሉ፤ ቀስ ብለው።

ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ጉሙ ብቻ ነው፤ በጉሙ ውስጥ የውኃው ድምፅ።

ተማሪዬ ከቤቱ ጀርባ እየሮጠች መጣች። "እኔን ነው" አለች፤ "እናቴ፣ እኔን ነው የጠራችው። የነገርኩሽ ልጅ ናት።" የእናቷን እርጥብ እጅ ያዘች። እናቷ እጃቸውን ነጠቁ። ያኔ ነው ያየኋቸው እኔን፤ በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

አስገቡኝ እንጂ አልመለሱኝም። እንግዳ አይመለስም፤ በተዝካር ደግሞ ጭራሽ። ቦታ ሰጡኝ፣ ምግብ ቀረበልኝ። በግራ በቀኜ ግን ማንም አልተቀመጠም። አባቷ ከዳሱ ጥግ ራሱን ደፍቶ ዋንጫውን ያዞራል። እኔ እንጀራውን ቆርሼ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ሰውን በቤቱ ምን ብለው እንደሚጠሩት መጠየቅ አልተማርኩም።

ሰው ሲቀንስ የንስሐ አባታቸው አስጠሩኝ። ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው። እናቷም መጡ፤ አልተቀመጡም፣ ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። ቄሱ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ነገ ማታ እንደሚዘጋ፣ በዚያ ስም ካልሆነ የሚቀበላት እንደሌለ፣ ሰባት ዓመት እንደለፋች፣ ከአምስቱም ተማሪዎቼ የምትበልጠው እሷ እንደሆነች አንድ በአንድ አስረዳሁ።

እናቷ ለቄሱ እንጂ ለእኔ አልመለሱም። "ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ በዕለቷ፣ ከበሬ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠራች። ይኸ ምንድን ነው አባ? አላረፈችም ማለት አይደለም?"

ቄሱ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ዛሬ ጧት ቤተ ክርስቲያን ጠርተናት ነበር። በማን ብለን ጠራናት?"

"በክርስትናዋ።"

"ይኸን ልጂቱ ከበር የጠራችውን ስም ጠርተነዋል?"

"አልጠራችሁትም።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠርተነው እናውቃለን?"

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። የክርስትና ስም ስንጠመቅ የሚሰጠን፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምታውቀው ስም ነው። የእኔንም ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

"እሷ ይዛው የሄደችው ያንን ነው" አሉ ቄሱ። "የምትሰማውም እሱን ነው። ይኸኛው የዚህ ዓለም ስም ነው፤ ኸዚሁ ነው የቀረ። የቀበሌ መዝገብ ኸዚያ አይነበብም።" ከዚያ ወደ ተማሪዬ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስለ ወረቀቱ ውሸት ለብቻው እንደሚነጋገሩ፣ ንስሐው ቀላል እንዳይመስላት ነገሯት። እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

እናቷ ከምሰሶው ተላቀቁ። ከዚያ "ነይ" አሉኝ፤ መጀመሪያ ቃል ያወጡልኝ ያኔ ነው። ልጃቸውን ከቤቱ ጀርባ፣ ገደሉ ዳር ሄዳ እንድትቆም አዘዟት። እኔን ይዘውኝ በሩ ድረስ መጡ። ክንዴን የያዘው እጃቸው ይቀዘቅዛል።

"እስኪ እንደ ቅድሙ ጥሪያት።"

"እማማ፣ ይቅርብኝ" አልኳቸው።

"ጥሪያት። ማን እንደሚመልስ ልስማ።"

ጠራሁ።

"አቤት" የሚል ከቤቱ ጀርባ ወዲያው መጣ። እንደ በረንዳው አልዘገየም፤ ስሙን ጨርሼ አፌን ሳልገጥም ነው የመለሰችው። የተማሪዬ ድምፅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጥቂት ቆየና ከወንዙ በኩል፣ ቀጠን ያለ፣ ሌላ "አቤት" መጣ።

ገደል ድምፅ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ለሌላ ሰውም አስረድቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅድም ከዚያው በር ሦስት ጊዜ ስጮህ ገደሉ የእኔን ድምፅ አልመለሰልኝም። አሁንም ስጠራ አልመለሰም። የመለሰው የእሷን ብቻ ነው። ይኸን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስጽፍ ይኸው ወጣ።

እናቷ ሁለቱንም ሰሙ። ፊታቸው ወደ ወንዙ ነው። የእኔን ክንድ ቀስ ብለው ለቀቁ።

"ትሂድ" አሉ።

በማግስቱ ጧት ለኢንተርኔት የቀረበን ከተማ ቡሬ ስለሆነ ወደዚያው ሄድን። እናቷም መጡ። ምን ሊያደርጉ እንደመጡ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ኮምፒውተር የሚያከራይ አንድ ቤት አገኘን። እናቷ መግቢያው ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀመጡ።

ደብዳቤውን ከወረቀቱ ላይ እኔ ገለበጥኩት። የጻፍኩትን እርማት ሁሉ ተውኩት። "እኔ አልወጣሁም" እንዳለ ገባ።

ቀዩ መስመር ብቻ ቀረ። የፊደል ሰሌዳውን ወደ እሷ ገፋሁላት። በእህት ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

"ምን ይላል?" አሉ እናቷ ሳይዞሩ።

"ስንት እህት አለሽ ይላል።"

"ምን አልሽው?"

"አንድ።"

ቁጥሯ ስትገባ ቀዩ መስመር ጠፋና ከሥሩ ሌላ ሳጥን ተከፈተ፤ የእህትሽን ስም ጻፊ የሚል። ተማሪዬ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገች ቀስ ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስም አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ የቤት ስሟን ያወቅሁት በዚህ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በምንም ወረቀት ላይ ያልተጻፈው የራሷ ስም፣ የሌላ ሰው እህት ሆኖ ተጻፈ።

ከዚያ ላከችው። ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ የቡሬ ኔትወርክ ነው። ደርሷል የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ አቀፍኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምንም ብሰማ ምንም ባይ ያን ደስታ አልክደውም። የመጀመሪያ ተማሪዎቼ፣ የአምስቱም ፎርም ተላከ።

እናቷ ከበሩ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና እንሂድ ለማለት ልጃቸውን ጠሯት፤ አሁን ስክሪኑ ላይ ባየሁት፣ በቤት ስሟ።

አልሰማችም። ደግመው ጠሯት።

መጀመሪያ ፊቷ ዞረ። ዐይኗ በኋላ መጣ።